ከአረንጓዴው በታች

ስታራ ሉካ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2010

ለተከበሩ ጉስታቭ፣

እንደምን ከረሙ? ማርጊታስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? የላኩልኝ ማር ደርሶኛል። ማሰሮው በመንገድ ተሰንጥቆ ስለነበር ግማሹን ካርቶኑ ጠጥቶታል፤ የተረፈው ግን እስከ ገና ይበቃኛል። ለምስጋና ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከማሩ ሌላ መጻፍ ያለብኝ ነገር ስላለ መልሼ አስቀምጠው ነበር።

የሰሙት እውነት ነው። ካናዳዊቷን፣ የባሌን የጦር ካሚዮን፣ ለብረት ቆራጭ ሰጥቻታለሁ። ውርጩ ለቆ መሬቱ ሲደርቅ፣ በአፕሪል መጨረሻ መጥቶ ቆራርጦ ይወስዳታል። የነገረዎት ቦሁሚል እንደሆነ አልጠራጠርም። ባለፈው እሑድ እዚህ ነበር፤ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ በር ላይ ቆመ። የአሮጌ ጦር መኪኖች ማኅበር ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ሲናገር ሁሉ ሰልፍ ፊት የቆመ ይመስለዋል።

«ሊቡሼ፣ ይህቺ ካሚዮን እኮ ከጦርነቱ ተርፋ የመጣች ናት!» አለኝ።

«አዎ፤ ራዶሚር ግን ከእሷ አልተረፈም» አልኩት።

ባርኔጣውን ማሽከርከር አቆመና፣ «እሺ፣ በሜይ ሰልፍ አንዴ ብቻ ትውጣና ከዚያ ትቆረጥ። ሞት ለተፈረደበት ሰው እንኳ የመጨረሻ ራት ይሰጠዋል» አለ።

«እንግዲያው ራቱን አንተ ብላላት» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ መሆኔ ቆጭቶኛል።

«ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለምን አሁን?» ብለው ለጠየቁኝ፤ የጎተራው ጣሪያ በአንድ በኩል ወርዷል። አንድም ማሠራት፣ አንድም ውስጡን ባዶ ማድረግ አለብኝ። ይህ ለጎረቤት የምሰጠው መልስ ነው። ለእርስዎ ግን ልጨምር፤ የፖም ሣጥን ለማውጣት በገባሁ ቁጥር እነዚያን ጎማዎች አያለሁ፤ ሁሉም እኔ በቀባሁት አረንጓዴ ያዩኛል።

ሌላው ከሰማው ይልቅ ከእኔ ይስሙት። የካናዳዊቷን የእንግሊዝኛ መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ለራዶሚር የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ያን ቋንቋ የተማርኩት ከፍሬንና ከማርሽ ነው። ቸርኬዋ እንደ ሁለት ሳህን ፊት ለፊት ተገጥሞ በዳዶ የታሰረ መሆኑን፣ «በቀይ የተቀቡትን ዳዶዎች ጎማው ንፋስ ይዞ ሳለ አትንኩ፤ ቸርኬው ይፈነዳል» የሚለውንም መስመር በእጄ ጽፌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አላውቅም ነበር አልልም።

ከዚያ ያ ፎቶግራፍ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ የተነሣ፣ ልክ የኛን የመሰለች ካሚዮን፣ ዳዶዎቿ ሁሉ ከቸርኬው ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር። ቦሁሚል በሰልፉ ሜዳ መሃል፣ «ራዶሚር! ያንተዋ ካናዳዊት ከንፈሯን ተቀብታ ነው እንዴ ወደ ጦርነት የምትሄደው?» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። ራዶሚርም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። በሳምንቱ ብሩሽ አንሥቼ ቀዩን ሁሉ በአረንጓዴ ሸፈንኩት። እንዲደሰት ብዬ ነው። ፎቶግራፉ እኮ ጥቁርና ነጭ ነበር! በእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ቀዩም አረንጓዴውም እኩል ይጠቁራል። ለእያንዳንዱ ብሎን የሚጨቃጨቁት እነዚያ ሁሉ ወንዶች፣ ከእነሱም ጋር እኔ፣ ይህን አላሰብንም።

ራዶሚር «ቀዩን አትንካ» የሚለውን ሕግ ለምዶት ነበር፤ ቀይ ካልሆነ ይፈታል። በኦገስት አምስተኛው፣ መጠባበቂያው ጎማ ቀስ እያለ ንፋስ ይለቅ ጀመር፤ እሱም መፍቻውን ይዞ ተንበረከከ። የቀረውን አልጽፈውም።

ማርጊታን ሳሙልኝ።

ሊቡሼ


ስቪድኒክ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2010

ለተከበሩ ሊቡሼ፣

የማርጊታ ጉልበት ደኅና ነው፤ ምላሷም እንዲሁ። «ማሰሮውን በጨርቅ ጠቅልለው ብዬህ ነበር፤ አንተ ግን ከንብ በስተቀር ማንንም አትሰማም» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትወቅሰኝ ሰነበተች። ሌላ ማሰሮ አብሮ መጥቶልዎታል።

በፖስታ ካርድዎ ስለ ሳንባዬ ጠይቀዋል። ሐኪሙ «ቀለም መርጨት በቃህ» አለኝ። «በዚህ ዕድሜዬ?» ስለው «በዚህ ዕድሜህ የደረስከው በዕድል ነው» አለኝ። መርጫውን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ። ያለ እሱ ጋራዡ ውስጥ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ገብቼ እቀመጥና እወጣለሁ።

ካናዳዊቷን አይቁረጧት አልልም፤ እንዲህ የማለት መብት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ራዶሚር በበሯ ውስጠኛ ጎን የተዋትን «መስኮት» ያስታውሳሉ። የእኛ ሰዎች ወግ ናት፤ መኪና ስትታደስ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦታ ላይ ቀለሙ በቀስታ ይፋቅና እንዳለ ይተዋል፤ ከሥር ያለው ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ይታያል። ማን መቼ እንደቀባት የሚመሰክርላት ሌላ የለም።

ከመቆረጧ በፊት በዳዶዎቿ ላይ እንዲህ ያለ መስኮት ይክፈቱልኝ። ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክረው በጣትዎ ጫፍ፣ ቀስ ብለው። ከየጎማው አንድ ዳዶ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን አምስተኛው ጎማ ላይ። ያኛው ላይ። የሚያዩትን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይጻፉልኝ። ለምን እንደሆነ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

በቦሁሚል ላይ በር ስለዘጉ አይቆጩ። በሩን ሲዘጉበት ነው አንድ ነገር የሚያስበው።

ጉስታቭ


ስታራ ሉካ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 2011

ለተከበሩ ጉስታቭ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል፤ የኋለኛው በገና ዋዜማ ነው የመጣው። የበዓሉን ዓሣ ለብቻዬ በላሁ። ጎረቤቶቼ ጠርተውኝ ነበር፤ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ዋሸሁ። የማንበቢያ መነጽሬ ስለተሰበረ በአንድ ዓይን እያነበብኩ ነው የከረምኩት፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ።

ያሉኝን አደረግሁ። የፊተኛው ግራ ጎማ፦ ከላይ የእኔ አረንጓዴ፤ የብሩሹ ፀጉር ሳይቀር ተጣብቆ ደርቆበታል። ከእሱ ሥር ቀይ። ሌላ የለም። የቀሩትን ሦስቱንም አየሁ፤ ያው ነው። ቀዩ ሲወጣ እጄ ላይ ደም የፈሰሰ መስሎኝ ወረቀቱን ጣልኩት።

አምስተኛውን አልነካሁትም። ፖሊስ ከመለሰው ጊዜ ጀምሮ ግድግዳው ሥር በሸራ ተሸፍኖ እንደቆመ ነው። እርስዎ በኋለኛው ደብዳቤዎ «ለእርስዎ መጽናኛ ይሆን ይሆናል ብዬ ነው» ብለው ጽፈዋል። እኔ መጽናኛ አልጠየቅሁም።

ጎማው እዚህ ሲደርስ ቀለሙ ምን እንደነበርም ጠይቀዋል። አላስታውስም። የማስታውሰው በአንድ ማርሽ ሣጥን ለውጥ ከእርስዎ ዘንድ እንዳገኘነው፣ ራዶሚርም ከስቪድኒክ እስከዚህ በባቡር ሲያመጣው እንደ ጥምቀት ሕፃን አቅፎት እንደተቀመጠ ነው። ጎማዎቹን ሁሉንም ቀባሁ። ለፖሊሱ የነገርኩት ይህን ነው፤ ለራዶሚር እናትም የነገርኩት ይህን ነው፤ «ሁሉንም።» አንድ ቃል ደጋግሞ የተናገረ ሰው ከቃሉ ሌላ ትዝታ አይቀረውም።

ለምን አምስተኛውን? ካልነገሩኝ ሸራውን አላነሣም።

ሊቡሼ


ስታራ ሉካ፣ ማርች 6 ቀን 2011

ጉስታቭ፣

የጻፉልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። «እባክዎ፤ ካዩት በኋላ ምክንያቱን እርስዎ ይነግሩኛል።» ስለዚህ አየሁት።

ከላይ አረንጓዴ። የእኔ አይደለም። የእኔ በብሩሽ ነው፤ መስመር መስመር አለው። ይህ የተረጨ ነው፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ ያለ። ከሥሩ ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር ቀይ።

አንዱን ዳዶ ብቻ አላየሁም፤ ዞሬ ሁሉንም አየሁ። የእኔ ብሩሽ ያን ጎማ ነክቶት አያውቅም። አረንጓዴ ሆኖ መጣ፤ እኔም አረንጓዴ ሆኖ ስላየሁት የቀባሁት መሰለኝ።

ሰማያዊውን አውቀዋለሁ። በጓሮዎ ተደርድረው የቆሙት የንብ ቀፎዎች ቀለም ነው። አንድ ክረምት ከራዶሚር ጋር እናንተ ቤት ስናድር፣ «የዝገት መከላከያ ባለቀብኝ ጊዜ የቀፎውን ቀለም ነው ከሥር የምረጨው፤ ብረቱም እንደ ንቦቼ አያማርርም» ብለው አስቀውናል። እኔም ስቄያለሁ።

በቀብሩ ዕለት መካነ መቃብሩ በር ላይ እጄን ይዘው፣ «ሊቡሼ፣ ራስዎን አይውቀሱ» አሉኝ። ያን ቀን ብዙ ሰው እንዲያ ብሎኛል። ሌሎቹ ግን መርጫ ይዘው አያውቁም።

የራዶሚር እናት እስክትሞት ድረስ እኔ ባለሁበት ማዕድ አልቀረበችም። ፋሲካ በመጣ ቁጥር የሠራሁትን ዳቦ ከደጃፏ አኑሬ እመለስ ነበር። በማግሥቱ ዶሮዎቿ ሲበሉት አገኘዋለሁ። ይህን ያወቁት ይመስለኛል፤ ራዶሚር ስለ እናቱ ግትርነት የማይነግረው ሰው አልነበረም።

ማሩን መልሼ ልኬዋለሁ። ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ሊቡሼ


ስቪድኒክ፣ ማርች 20 ቀን 2011

ለተከበሩ ሊቡሼ፣

አይጻፉልኝ ብለዋል። ይህን አንብበው ምድጃ ውስጥ ይክተቱት።

ያን ፎቶግራፍ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለቦሁሚል ቅጂውን የላክሁለትም እኔ ነኝ። ያን ክረምት ለብዙ ሰው ብዙ ጎማ ረጨሁ፤ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ልክ እንደ እሱ። የትኛውን ማን እንደወሰደ አላስታውስም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው። ማርጊታ ግን አንድ ቀን ማታ ሾርባዬን እያስቀመጠች አየችኝና፣ «ጠይቃት» አለችኝ።

«ቁስሏን ልነካካባት ነው?» አልኳት።

«የማንን ቁስል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያን ሾርባ አልጨረስኩትም። ይህም የሆነው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ልጠይቅዎት የደፈርኩት መኪናዋ ልትቆረጥ መሆኑን ስሰማ ነው።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታ ብለምንዎ እርስዎን ሌላ ዕቃ ማሸከም ይሆንብኛል፤ እስካሁን የተሸከሙት ይበቃል። ካናዳዊቷን ይቁረጧት። ያን ጎማ ግን አይስጡ። ለቦሁሚል ያሳዩት፤ በሰልፉ ሰዎች ሁሉ ፊት ስሜን ይጥሩ። የእርስዎ ስም በበቂ ተጠርቷል።

ጉስታቭ


ስታራ ሉካ፣ አፕሪል 27 ቀን 2011

ጉስታቭ፣

ብረት ቆራጩ ትናንት መጣ። ጋዙንና መቁረጫውን አራግፎ፣ «እመቤቴ፣ ከየት ልጀምር?» አለኝ።

«ከቢራው ጀምር» አልኩትና ጎተራው ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩት። እስኪጠጣ ድረስ ለማሰብ ነው። ከማርች ጀምሮ አላሰብኩም ነበር፤ ተቆጥቼ ብቻ ነበር የከረምኩት። ንዴት ደግሞ ከጥፋተኝነት ይቀላል፤ ቀጥ አድርጎ ያስኬዳል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቱን በሙሉ አጠብኩ፤ መጋረጃውን አወረድኩ፤ የራዶሚር እናት መቃብር ድረስ ሄጄ «እኔ አይደለሁም!» አልኳት። ድንጋዩ ምንም አልመለሰም፤ በሕይወት ሳለችም እንዲያው ነበረች።

ቆራጩ ቢራውን ሲጨርስ ሁለት ነገር መጣብኝ።

አንደኛው፣ ዝም ቢሉኝ ኖሮ ያ ሁሉ ብረት ትናንት ተቆራርጦ ይሄድ ነበር። ያን ሰማያዊ የሚያይ ሰው በምድር ላይ አይኖርም ነበር። እርስዎም ይህን ያውቁ ነበር፤ አውቀው ነው ያስፋቁኝ።

ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል። አራቱ ጎማዎች ቀያቸውን ይዘው ቢቆዩ ኖሮ፣ ራዶሚር የእርስዎን ጎማ ባየ ጊዜ «የዚህኛው ቀይ የት ሄደ?» ይል ነበር። እንዲያ ያለ ዓይን ነበረው። የእርስዎ ጎማ ቀይ ሆኖ ቢመጣም «ታዲያ የእኔዎቹን ለምን ሸፈንናቸው?» ይል ነበር። እንዳይጠይቅ ያደረገው የእርስዎና የእኔ አረንጓዴ መመሳሰል ነው።

ይህን ስጨርስ ቆራጩን፣ «የጣሪያውን ቆርቆሮ ውሰድና ሂድ» አልኩት።

«እንዴ! ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዝገት ቆርቆሮ ነው?»

«ለቢራም ነው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

ቦሁሚልን ጠርቼ ጎማውን አሳየሁት። ስምዎንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ተንበርክኮ አየውና፣ «ከንፈር ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ዛሬ ጠዋት ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ መጣ፤ በዚያ ውፍረቱ መሬት ላይ ተጋድሞ አንድ በአንድ እየቀባቸው ነው። በመስኮቱ ይታየኛል። ሲያስለው ይሰማል።

አምስተኛውን ንፋስ ሳንሞላው ከኋላዋ እንሰቅለዋለን። ከዳዶዎቹ አንዱን ግን እንዳይቀባው ነግሬዋለሁ። እንደፋቅሁት ይቆያል።

ራዶሚር «እናንተ ሁለታችሁ እንደ ዳኛና ተከሳሽ አንቱ ትባባላላችሁ» እያለ ይስቅብን ነበር። ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ፤ እሱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ ለራሴም አልመጣልኝም። ግን ዳኛ መሆን አልችልበትም።

ሰልፉ ሜይ 7 ነው። ከኋላ ወንበር አለ። ና።

ሊቡሼ


ስታራ ሉካ፣ ሜይ 9 ቀን 2011

ጉስታቭ፣

ይህን ማርጊታ እንድታነብልህ ነው የምጽፈው። ማርጊታ፣ እባክሽ ቀስ እያልሽ አንብቢለት፤ ከደከመው ነገ ቀጥይ። በአንቺ የእጅ ጽሑፍ የመጣውን ደብዳቤ ስከፍት የፈራሁት ሌላ ነገር ስለነበር፣ ሆስፒታል መሆኑን ሳነብ ጭራሽ ደስ አለኝ። እንዲህም አለ።

ስለ ሰልፉ ጠይቀሃል። ዘነበ። ካናዳዊቷ አልነሣም ብላ ቦሁሚል የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ተነሣች። እሱ ነዳ፤ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ራዶሚር በሕይወት ሳለ አንድም ቀን በሰልፍ አልወጣሁባትም፤ ዳር ቆሜ ነበር የማያችሁ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሕዝቡ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚዘፍን ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ምንም አያሰማም። እንደ ልማዱ የሊላክ አበባ ወረወሩብን። ርሶ ስለነበር ፊቴን መታኝ። ከኋላ ያለውን ወንበርህን ባዶ አልተውነውም፤ የመለስኩልህን የማር ማሰሮ መልሰህ ስትልከው ምን እንደማደርገው ጨንቆኝ ነበር፤ እዚያ አስቀመጥኩት። አልተሰበረም።

ስምህን ጠርቼው እንደሆነ ጠይቀሃል። ሁለት ጊዜ የጠየቅኸኝ ይህን ብቻ ስለሆነ የሆነውን እንዳለ ልንገርህ።

አደባባዩ ላይ መኪናዎቹ ቆመው ሰው ሲዞራቸው፣ ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴት ከካናዳዊቷ ኋላ ቆማ ቆየች። ከከተማ የመጣች ትመስላለች። ያን ዳዶ በጣቷ ነካችው።

«ሌላው ሁሉ ቀይ ነው፤ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? ረስታችሁት ነው?»

«አልረሳነውም። መስኮት ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየች። «አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ... ቆንጆ ነው፤ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ቀዩ ግን ለምንድን ነው?»

«‹አትንኩኝ፤ እገድላለሁ› ማለት ነው።»

ጣቷን ቶሎ ሰበሰበች። ቦሁሚል አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣው ላይ ያለው ዝናብ ወደ አንገቱ ሲወርድ አልጠረገውም። ሌሎቹም የማኅበሩ ሰዎች ወሬያቸውን አቁመዋል። ቦሁሚል ነግሯቸው ስለነበር የምለውን ይጠብቃሉ።

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር በአረንጓዴ የሸፈነው ማን ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ስምህ አፌ ውስጥ ነበር፣ ጉስታቭ። የእኔም ነበር።

«እኛ ነን» አልኳት።

ሊቡሼ